«ቫይታሚን» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ፖስታዎች

በሰሜን ሸዋ በዐቃቤ ሕግነት ስሠራ እንደዚያ መዝገብ ያስጨነቀኝ የለም፤ ያስጨነቁኝም ተከሳሹ ሳይሆኑ የተበዳይዋ እናት ናቸው።

እናትየዋ ለጥር ሠርጓ የተቆረጠላት ልጃቸው «ትንሽ ሞላ እንድትል» ብለው ደብረ ብርሃን ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ማዘዣ ክኒን ይገዙላታል። ፖስታው ላይ በእስክርቢቶ «ቫይታሚን፣ ጠዋትና ማታ» ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ የነበረው ግን ዴክሳሜታሶን ነው። በሐኪም እጅ ሲሆን ብዙ ሰው የሚያድን መድኃኒት ነው፤ እንዲሁ ሲወሰድ ግን የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ውኃ ያቋጥራል፣ ፊት ያሳብጣል፣ የደም ስኳር ያንራል። ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ማቋረጡም ሌላ አደጋ አለው። ጎረቤት «አማረባት፣ ወፈረች» ሲል ከርሞ ልጅቷ ስኳሯ ከፍ ብሎ ሆስፒታል ገባች።

በመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ላይ ክሱን በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ሳዘጋጅ እናትየዋ ሽማግሌ አስከትለው ቢሮዬ መጡ። «ልጄ፣ እሱ ምን አጠፋ? የለመንኩት እኔ ነኝ። ሌሊት ሕፃን ሲያተኩስብን ተነሥቶ የሚከፍትልን እሱ አይደለም እንዴ?» ሽማግሌዎቹም የካሳውን ነገር ጨርሰው ነበር። እርቅን አልንቅም፤ ያደግሁበት ነው። ነገር ግን ያንኑ «ቫይታሚን» የዋጡ ሌሎች ሰዎች እዚያ ሽምግልና ላይ አልተቀመጡም።

ችሎት ላይ የፈራሁት ደረሰ። እናትየዋ ምለው «ከየት እንደገዛሁት ትዝ አይለኝም» አሉ። ጠበቃው ፈገግ አለ።

መዝገቡን ያዳነው የጤና ተቆጣጣሪው ነው። የሆስፒታሉ ጥቆማ እንደደረሰው ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄዶ፣ 1000 ክኒን የሚይዘውንና ገሚሱ የወጣለትን ዕቃ ባለሙያው ፊት አሽጎታል፤ የምርት መለያ ቁጥሩንና ማብቂያ ቀኑን በቃለ ጉባኤ አስፍሮ ባለሙያውንም ታዛቢዎችንም አስፈርሟል። ከመሳቢያው ደግሞ ገና ክኒን ያልገባባቸው፣ «ቫይታሚን» ተብሎ አስቀድሞ የተጻፈባቸው የፖስታ ቁልል አገኘ። ጠበቃው «የጽሑፍ ስህተት ነው» ሲል ዳኛው ቁልሉን ከፍ አድርገው አሳዩትና ዝም አሉ። የግዢ ደረሰኙ ላይ ዴክሳሜታሶን በብዛት ይታያል፤ በተቀመጡት ማዘዣዎች ውስጥ ግን እሱ የታዘዘበት አንድም ወረቀት አልነበረም። ተከሳሹ ጥፋተኛ ተባለ። እናትየዋ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም።

እንዲህ ባለ ጉዳይ ተበዳይ ባለመድኃኒቱን እንደ ባለውለታ ስለሚያይ፣ ምስክር ቆጥሬ ክስ አልከፍትም። በቅርቡ ከሸዋ ሮቢት በኩል ተመሳሳይ መዝገብ መጥቶልኝ ነበር። የምስክር ቃል ሞልቶታል፤ ክኒኖቹ ግን ያለ ፖስታቸው፣ ያለ እሽግ፣ በወረቀት ተጠቅልለው ነው የተያያዙት። ፖሊስ መጀመሪያ የመድኃኒት ቤቱን ደረሰኝና ማዘዣ እንዲያቀርብ ጽፌ መልሼዋለሁ።