ጠላው በርሜል ገባ

አምና ጥር በሆቴላችን ስለደረሰው ነገር የተጻፈው ሪፖርት «የግፊት መቆጣጠሪያ መሣሪያ ብልሽት» ይላል። የድራፍት መስመሩን፣ የጋዝ ሲሊንደሩንና የማቀዝቀዣ ክፍሉን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ፣ ሪፖርቱን ያነበበ ሁሉ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። መሣሪያው፣ ማለትም ሪጉሌተሩ፣ ግን እስከ ዛሬ አንድም ብሎን ሳይፈታለት እየሠራ ነው። የተጠራጠረ መጥቶ ይየው።

ነገሩ የተጀመረው ሥራ አስኪያጃችን ከአዲስ አበባ ይዞት በመጣው ሐሳብ ነው። እዚያ ቢራ ራሳቸው ጠምቀው የሚሸጡ ቤቶችን አይቷል፤ በሌላው ዓለም ደግሞ ጠማቂዎች በየወቅቱ የተለየ ቢራ እንደሚያወጡና ደንበኛው ቀኑን እየቆጠረ እንደሚጠብቅ ሰምቷል። «ጀርመኖች በመጋቢት ጠምቀው ለመስከረም የሚያደርሱት ቢራ አላቸው፤ እኛ ለጥር የሚደርስ ጠላ ለምን አይኖረንም?» አለን። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ጥር ጥምቀቱም ሰርጉም የሚበዛበት ወር ነው፤ ከዚያ በኋላ ዐቢይ ጾም ይገባና ባሩ ጭር ይላል። ጠላው እንደ ቢራ በበርሜል ታሽጎ፣ ቀዝቅዞ፣ በድራፍት ቧንቧ ይቀዳል ተባለ። ከብቅሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የወሰደው የብርጭቆው ምርጫ ነበር።

ማስታወቂያው ላይ ገና ከመጀመሪያው ተሰናከልን። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ወዲህ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን አይተዋወቅም፣ በመንገድ ዳር ሰሌዳም አይሰቀልም። ሥራ አስኪያጁ ግን በጣና ሐይቅ ዳር መንገድ ላይ ትልቅ ሸራ ሊሰቅል ለማተሚያ ቤት ቀብድ ከፍሎ ነበር። ቀብዱ ቀለጠ። ጥሪው በአፍና በስልክ ተላለፈ፤ ሰው የበዛውም ለዚህ ይመስለኛል።

አማካሪ ተቀጠረ። ውጭ አገር የቢራ ጠመቃ የተማረ፣ ሲናገር የሚያምርበት፣ ሲነግሩት ግን ስልኩን የሚያይ ሰው ነው። ይዞት የመጣው የግፊት ሠንጠረዥ ባሕር ጠለል ላይ ለሚገኝ ከተማ የተሠራ ነበር። እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ 1 ባር ገደማ የሆነው የአየር ግፊት እዚህ 0.8 ባር ቢሆን ነው፣ ውኃም 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ስለዚህ በሠንጠረዡ ቁጥር ላይ 0.2 ባር ያህል ካልተጨመረ ጋዙ ከቢራው እየተለየ ይወጣና ጃምቦው ግማሹ አረፋ ይሆናል። ነገርኩት። «ሠንጠረዡ ዓለም አቀፍ ነው» አለኝ። አረፋው ሲበዛ ደግሞ ግፊቱን ቀንስ አለኝ። አረፋ ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው፤ ሲቀነስ ግን ይብሳል። ማታ ሁሉም ሲሄድ ጨመርኩት። በማግሥቱ ጃምቦው ሁለት ጣት አረፋ ብቻ ይዞ ሲቀዳ፣ አማካሪው አስተናጋጆቹን ሰብስቦ ስለ ሠንጠረዡ ጥቅም ማብራሪያ ሰጠ። እኔም ከኋላ ቆሜ አዳመጥኩ።

ጠላውን የጠመቁት ለሰርግና ለተዝካር በማዘጋጀት የታወቁ እናት ናቸው። ጌሾው ከዘጌ በጀልባ መጣ። ዘጌ በሬ የማይጠመድባት፣ ኑሮዋ ቡናና ጌሾ የሆነ አገር ናት፤ እሳቸውም የሌላ ቦታ ጌሾ አይነኩም። ብቅሉ የዳጉሳና የገብስ ነው። ጋኖቹ በወይራ ታጠኑ፣ ጥንስሱ ተጠነሰሰ፣ እንኩሮው ገባ፣ ውኃው ተሞላ፣ አፋቸው በጭቃ ተመረገ። አማካሪው በየደረጃው ፎቶ አነሳ።

ጥምቀት ሲቃረብ ጋኖቹ ተከፈቱና ጠላው በነጭ ጨርቅ ተጠለለ። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ንግግር የተካሄደው ያኔ ነው። እኔ ባዶ በርሜሎቹን እያጠብኩ አጠገባቸው ነበርኩ። አማካሪው ጠላውን በቀጭን ረጅም መለኪያ ቀድቶ የስኳር መለኪያውን ሃይድሮሜትር ከተተበት፤ ዓይኑን አጥብቦ አነበበ።

«እማማ፣ መፍላቱን ጨርሷል። ስኳር አልቀረውም። ወደ በርሜል ልናስገባው ነው።»

እሳቸው በጣሳ አስቀድተው ቀመሱት፤ ጣሳውን ወደ ጆሮአቸው አስጠግተው ትንሽ ቆዩ፤ ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«በርሜሉ በየት በኩል ነው የሚተነፍሰው?»

«አይተነፍስም። ጥቅሙም እሱ ነው እማማ፤ ጋዙ አያመልጥም።»

«የእኔ ጋን ተመርጎም ይተነፍሳል። ሲጨንቀው ጭቃው ይሰነጠቅለታል። ይህስ?»

«ይህ ብረት ነው።»

«ብረት መሆኑንማ አይቻለሁ፣ ልጄ።»

ከዚያ በላይ አልተከራከሩም። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ሲያልፍ ጠሩት።

«ና እስቲ። ገንዘቤን ዛሬ ትሰጠኛለህ።»

«እንዴ እማማ፣ ከዝግጅቱ በኋላ ተባብለን አልነበረም እንዴ?»

«ተባብለናል። ጋን ውስጥ ቢሆን እጠብቅ ነበር። እዚህ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ጠላው የእናንተ ነው፤ የእኔ ገንዘቡ ብቻ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ፣ አማካሪውም ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ እስክትመጣ ድረስ አንድም ቃል ሳይናገሩ ጠበቁ። ብሩ ሲመጣ አንድ በአንድ ቆጠሩት፤ አንድ የተቀደደ ኖት መልሰው ሌላ ተቀበሉ፤ መቀነታቸው ላይ ቋጠሩ። «በሉ፣ አሁን እንደ ፍጥርጥራችሁ» ብለው ሄዱ።

ለፍርድ ያህል፣ ሃይድሮሜትሩ አልዋሸም። የሚለካው በዚያች ሰዓት ያለውን ስኳር ነው። ቢራ ሲጠመቅ የብቅሉ ጭማቂ ስለሚቀቀል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም እዚያው ይሞታል። የጠላ ብቅል ግን ጥሬውን ይገባል፤ ስለዚህ ኢንዛይሙ ከተጠለለ በኋላም በድፍርሱ ውስጥ የቀረውን ስታርች እየሰበረ ስኳር ያወጣል፣ እርሾውም ያንኑ ተቀብሎ ጋዝ ያወጣል። ብርድ ላይ ከቆየ ሁለቱም ያንቀላፋሉ። ሙቀት ካገኙ ግን ሃይድሮሜትር የማይነግራችሁን ሥራ ይሠራሉ። ይህን ቢራ ፋብሪካ ስሠራ ያወቅሁት ስለሆነ ለአማካሪው በቃል አስረዳሁ። የፈረቃ መዝገቡ ላይም ጻፍኩ፦ «ጠላው ገና እየሠራ ስለሆነ በርሜሎቹ ከማቀዝቀዣ ክፍል እንዳይወጡ።» አማካሪው ከሥሩ «ታይቷል» ብሎ ፈርሟል። ፊርማው ያምራል።

ቅምሻው ለጥር 12 ተቀጠረ፤ ለቃና ዘገሊላ። በዋዜማው ከሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ መጣ፤ በበዓሉ የፋብሪካው ጃምቦ ስለሚፈለግ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ለእሱ ይለቀቅ ተባለ። የጠላው በርሜሎች ወጡ። አንገታቸው ላይ ጥለት ታስሮላቸው፣ ሥራቸው ቄጤማ ተጎዝጉዞላቸው፣ ሐይቁን በሚያየው በረንዳ ላይ እንደ ሙሽራ ተደረደሩ። በዓሉ የዋለበትን ቀን በሙሉ ፀሐይ ላይ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ መዳፌን ባሳርፍባቸው ይፋጃሉ። ለሥራ አስኪያጁ ብነግረው «ለፎቶ ያምራሉ፣ ተዋቸው» አለኝ።

የሚካኤል ታቦት ከገባ በኋላ ሕዝቡ ሲመለስ በረንዳው በነጭ ልብስ ተሞላ። ሥራ አስኪያጁ ባህልና ዘመናዊነት ስለ መጋባታቸው ረጅም ንግግር አደረገ። የመጀመሪያውን በርሜል ሊከፍት አማካሪው ራሱ ወጣ፤ ቱቦውን ከበርሜሉ አፍ ጋር የሚያገናኘውን ኮፕለር አምጣ አለኝ፣ ሰጠሁት።

«መጀመሪያ እናስተንፍሰው» አልኩ።

«ሰው እየጠበቀ ነው» አለ፤ እጀታውን ወደ ታች ተጫነው።

ቱቦው ከማሰሪያው ተመንጭቆ ወጣና በአየር ላይ መገለባበጥ ጀመረ። ድፍርሱ ጠላ መጀመሪያ ጣሪያውን መታ፣ ከዚያ ድምፅ ማጉያውን፣ ከዚያ የፊት ረድፍ እንግዶችን። የአማካሪው መነጽር ላይ የጌሾ ቅንጣት ተለጥፎ አየሁ፤ እሱም ከመነጽሩ ጀርባ ሆኖ እጀታውን እንደ ጨበጠ ነበር፤ ወደ ላይ መመለስ የሚባል ነገር ጨርሶ ጠፍቶበታል። ቀምቼው መለስኩት። ለአፍታ ማንም አልተናገረም። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እያራገፉ «ጠላ ተጋብዤ አውቃለሁ፤ ጠላ ስለብስ ግን የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። በረንዳው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። እንዲያውም ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ በኋላ ይህም እንደ ጥፋት ተነስቶብኛል።

የቀሩትን በርሜሎች ወደ ጥላ ጎተትናቸው። ዙሪያቸውን በረዶ ከመርንባቸው፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌ በኮፕለሩ ማስተንፈሻ ቀለበት ጋዛቸውን ቀስ በቀስ አወጣሁ፤ ሥራው ትዕግሥት ይፈጃል። ከዚያ ጠላው በጆግ ተቀዳ። እውነቱን ለመናገር ግሩም ነበር። ኮምጠጥ ያለ፣ የወይራው ጭስ ከኋላ የሚመጣ፣ ጋዙ ምላስ የሚቆነጥጥ። እንግዶቹ ልብሳቸው እንደ ረጠበ እየደጋገሙ አስቀዱ፤ ሳይመሽ አለቀ። በቃና ዘገሊላ ዕለት መጠጥ አለቀብን። ውኃውስ ከፊታችን ጣና ሙሉ ነበር፤ የሚለውጠው ጠፋ እንጂ።

ሪፖርቱ የተጻፈው በሳምንቱ ነው። መዝገቡን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ገጹን አሳየሁት፣ ቀኑን አሳየሁት፣ «ታይቷል» የሚለውን አሳየሁት። በእርጋታ አነበበና መለሰልኝ።

«አንተን ማን ከሰሰህ? መሣሪያ ነው የተባለው። ሪፖርት ላይ ዕቃ ይከሰሳል እንጂ ሰው አይከሰስም፤ ዕቃ አይከፋውም።»

የተናገርኩትን በጽሑፍ ማስቀመጥ እንዳለብኝ ተማርኩ እንዳልል፣ በጽሑፍ አስቀምጬ ነበር። እኔ ስለ ኢንዛይም ሳስረዳና መዝገብ ሳሳምር፣ እማማ ሒሳባቸውን ዘግተው ሄደዋል። አማካሪውም ክፍያውን ተቀብሎ ሄደ። አሁን በሌላ ከተማ ስለ ባህላዊ መጠጥ ማዘመን ሥልጠና ይሰጣል አሉ። ለሠልጣኞቹ የሚያሳየው ፎቶ የእኛ በረንዳ ነው፤ በርሜሎቹ በጥለትና በቄጤማ ተሽሞንሙነው፣ ከመከፈታቸው በፊት።

ዘንድሮ ሥራ አስኪያጁ ቅምሻው ይደገም አለ። ያ የአምናው እንግዳ ሁሉ «ዘንድሮስ መቼ ነው?» እያለ ይደውላል፤ ዣንጥላ ይዘን እንምጣ ወይ የሚሉም አሉ። እማማ ተጠሩ። ቡናቸውን ጠጥተው ሲጨርሱ ዋጋቸውን ተናገሩ፦ በጋን ከሆነ የአምናው፣ በብረት ከሆነ እጥፍ፣ እሱም በቅድሚያ። ሥራ አስኪያጁ ትንሽ አሰበና ብረቱን መረጠ፤ እጥፉን ከፈለ።

እኔ በየበርሜሉ የሚገጠም ማስተንፈሻ ቫልቭ ይገዛልን ብዬ ጠየቅሁ። ጥያቄዬ ከቢሮ ቢሮ ዞሮ «በጀት የለም» ተብሎ ተመለሰ። ከኪሴ ገዛሁ። ደረሰኙን ለሒሳብ ክፍል አስገብቻለሁ፤ እነሱም «ታይቷል» ብለው ፈርመውበታል።