የአርሰናል ማልያና የኦሎምፒክ ሜዳሊያ

ዛሬ ፀጉሬን ልስተካከል ገብቼ ክርክር ላይ ደረስኩ። ያው የእግር ኳስ ነው። አንዱ አርሰናልን ሲያበሽቅ «በዚህ ማልያ እኮ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ መጥቷል» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። ኩዌታዊው የስኪት ተኳሽ አብዱላህ አል ረሺዲ፣ በፈረንጆቹ 2016 ሪዮ ላይ። ኩዌት ታግዳ ስለነበር በአገሩ ስም መወዳደር አልቻለም። የአርሰናል ማልያ ለብሶ ገባ፤ በ52 ዓመቱ ነሐስ ወሰደ።

ስኪት ማለት ከግራና ከቀኝ የሚወነጨፉ የሸክላ ሳህኖችን አየር ላይ እያሉ በጥይት መበተን ነው። ሰውዬው ሦስቴ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ኦሎምፒክ ላይ ግን ከአትላንታ 1996 ጀምሮ አምስት ጊዜ ባዶ እጁን ተመልሷል። አምስት ጊዜ! ቶኪዮ ላይ በ57 ዓመቱ ነሐሱን ደገመው፣ ያኔ በአገሩ ስም።

ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን አጥፍቶ ፎቶውን በሁለት ጣቱ አጎላው። ሪዙን አየ። «አባቴ በዚህ ዕድሜው መነጽሩን የት እንዳስቀመጠ አያገኝም» አለ።

እኔ ደግሞ በ38 ዓመቴ «አሁንማ አረጀሁ» ብዬ ያቋረጥኩት ኮርስ ትዝ አለኝ። ዝም አልኩ።

እሱ ግን አሁንም ስልኩን አልመለሰም። «ለመሆኑ ማልያው ኦሪጅናል ነው?»