16 ሰዓቱን በቀይ የሰረዝኩ ቀን

ደብረ ብርሃን ሃይስኩል ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ነገሩ የሆነው ጥቅምት 5 ቀን 2017 ማታ ነው፣ ያ ጹቺንሻን-አትላስ የሚሉት ጅራታም ኮከብ በምዕራብ በኩል በታየበት ሳምንት። ለፀሐይ በጣም የቀረበው ልክ በመስቀል ዕለት ነበር፣ እኛ ግን ማታ ማታ የያዝነው ከዛ በኋላ ነው።

ልጆቹን በሁለት ግሩፕ ከፍዬ ሜዳ አወጣኋቸው፣ የጥቅምት ውርጭ የታወቀ ነው፣ ጋቢ ያልደረበ አልነበረም። ሥራቸው የጅራታሙን ቦታ ከጎኑ ካሉት ኮከቦች እያመሳከሩ ካርታ ላይ ነጥብ መምታት፣ ከዛ ቲ ኮሮና ቦሪያሊስን በባይኖኩላር ማየት። ቲ ማለት በፈረንጅ 1866 እና 1946 በድንገት የደመቀችው ኖቫ ናት፣ ነጭ ድንክ ኮከብ ከጎኑ ካለው ቀይ ግዙፍ ኮከብ ጋዝ እየሳበ ያከማችና 80 ዓመት ገደማ ሲሆን ላዩ ላይ ይፈነዳል። ሌላ ጊዜ ማግኒቲዩዷ (የድምቀት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል) 10 አካባቢ ስለሆነ በባዶ ዓይን አትታይም፣ ስትፈነዳ ግን 2 ገደማ ትደርሳለች። ጊዜዋ ደርሷል ስለተባለ ሁላችንም ልባችን ተንጠልጥሏል።

በማግስቱ ስታፍ ቁጭ ብዬ ደብተር ሳርም የአንዷ ልጅ ነጥብ ከኔ ስሌት በጣም ራቀብኝ። የምንጠቀምበት ሰንጠረዥ የጅራታሙን ቦታ የሚሰጠው በየቀኑ ለ0 ሰዓት በግሪንዊች ነው፣ መሀሉን ራስህ ታሰላዋለህ፣ ያን ሰሞን ደግሞ ለኛ ስለቀረበ በአንድ ቀን የሙሉ ጨረቃን ስፋት ብዙ እጥፍ ነው የሚሄደው። እሷ 16:00 ብላለች፣ እኔ የወጣነው ማታ 1 ሰዓት ነው ብዬ 16ቱን በቀይ ሰርዤ 1:00 አደረግኩት፣ ነጥቧንም ሰረዝኩ። ይባስ ብዬ ስለ ቲ "አልደመቀችም" ያለችውን ትቼ የሌላው ግሩፕ ልጅ "በርታለች!" ያለውን አመንኩ፣ ለመምህራኑም አወራሁ።

ደብተሯን ስትቀበል ዝም ብላ አየችው። ከዛ ቀስ ብላ "ቲቸር፣ የኛ ማታ 1 ሰዓት 19 አይደል? እኛ ግሪንዊችን በ3 እንቀድማለን" አለችኝ። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ 19-3=16፣ ከስሩ 16/24 ተብሎ ሁለት ሦስተኛ ተጽፏል፣ የኔ ቀይ መስመር ላዩ ላይ አልፎበታል። የቀኑን መንገድ ሁለት ሦስተኛ ሄዳ ነው ነጥቡን የመታችው፣ እኔ ገና መነሻው ላይ ቆሜ። በጣም ደነገጥኩ።

ማታ ድጋሚ ወጣን። ልጁን "የቷን ነው ያየኸው?" ስለው ያሳየኝ ኤፕሲሎንን ነው፣ ከቲ 1 ዲግሪ ገደማ ርቃ ያለች፣ ማግኒቲዩዷ 4 አካባቢ የሆነ፣ ሁሌም የምትታይ ኮከብ። እሱ አላጠፋም፣ ኤፕሲሎንን ካርታው ላይ ሳላመለክትለት "ደማቅ ካየህ ንገረኝ" ያልኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም እያየ፣ ነጥቧን መልሼ መትቼ ፈረምኩበት፣ ይቅርታም ጠየቅኳት። እሷ የያዘችው ሌላ ሐሳብ ነበር፣ "ቲቸር፣ እሁድ ማታ ጨረቃ ዘግይታ ነው የምትወጣው፣ ያኔ ጅራቱን በደንብ እናገኘዋለን" አለችኝ።