ዳገቱን ማስቀደም

ደብረ ሊባኖስን በአውቶቡስ ደጋግሜ ተሳልሜያለሁ። ጠዋት ወጥቼ ረፋድ ላይ እደርሳለሁ፤ ልቤ ግን ገና ሰፈር ነው። በ2008 ዓ.ም. በእግሬ ለመሄድ የቆረጥኩት ለዚህ ነበር። ከጽዋ ማኅበራችን ስድስት ሰዎች አብረን ልንሄድ ተነሳን።

ደብረ ሊባኖስ ወይስ ዝቋላ በሚለው ላይ ግን አልተስማማንም። እኔና አንድ የማኅበር ወንድሜ ዝቋላ ይሁን ብለን ተሟገትን፤ ለመጋቢት 5፣ ለአቦ በዓል፣ ከአቃቂ ተነስተን በዱከምና በቢሾፍቱ። ተራራው 2,989 ሜትር ነው፣ አናቱ ላይ ሐይቅ አለ። የፈለግነው ፈተና ነበርና ከዚህ የተሻለ አልታየንም።

ሁለቱንም በእግራቸው የሄዱ የማኅበራችን እናት ሰምተውን ሲያበቁ፣ "ልጆቼ፣ ዝቋላ ዳገቱን ለመጨረሻ ነው የሚያቆየው" አሉ። "ሜዳው ላይ ብርቱው ይቀድማል፣ ደካማው ይቀራል። ተራራው ሥር ስትደርሱ ተበታትናችኋል። ደብረ ሊባኖስ ግን ገና በማለዳ እንጦጦን ያስወጣችኋል። እዚያው ትተዋወቃላችሁ።"

ለዓመታት አብረን ጽዋ የጠጣን ሰዎች ደግሞ ምን መተዋወቅ ይቀረናል አልኩ በልቤ። ቢሆንም በሳቸው ቃል አደርን። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሦስት ቀን ለግንቦት 12፣ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ዋዜማ እንደርሳለን።

ግንቦት 9 ከሌሊቱ 11 ሰዓት አዲሱ ገበያ ተገናኘን። ስንቃችን በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። ዳገቱ ሲጀምር እኔ ቀደምኩ። ጥቂት ሄጄ ትንፋሼ ተቆረጠ፤ ቆምኩ፤ ደግሜ ቀደምኩ፤ ደግሜ ቆምኩ። ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች "በሰላም ያግባችሁ" ብለውን አለፉ። በዚያ ሸክም ሥር ሆነው የመረቁን ምርቃት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እናታችን ውዳሴ ማርያም እየደገሙ፣ ሳይፈጥኑ ሳይቆሙ ደረሱብኝ። ከዚያ ወዲያ አልቀደምኳቸውም። ሁላችንም በሳቸው እርምጃ ገባን፤ ጸሎቱም እርምጃውም አንድ ሆነ።

ከጀርባው ስንወርድ የሱሉልታ ሜዳ ተዘረጋ። ነፋሱ ይጋረፋል። በዓለ ሃምሳ ነውና ጾም የለም፤ ትኩስ ወተት ገዝተን ጠጣን። እናታችን የ1929 ዓ.ም.ን ነገር ያነሱት እዚህ ነው። ያን ጊዜ ለዚሁ ለግንቦት 12 በዓል የሄዱ ተሳላሚዎች ከመነኮሳቱ ጋር በግራዚያኒ ጦር ተፈጅተዋል። ከነሱ ውስጥ በዚህ ሜዳ በእግሩ ያለፈ ይኖር ይሆን? ማናችንም አልተናገርንም። ቀጥሎ ያለውን መንገድ ለረጅም ጊዜ በዝምታ ሄድን።

ከቀትር በኋላ አዲስ ጫማ ያደረገው ወንድማችን ማነከስ ጀመረ። ዝቋላን አብሮኝ የተሟገተው እሱ ነው። ስንቁን ተቀበልኩት። ማታ ጫንጮ ያሳደሩን ሰዎች ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አቀረቡልን። እግሩን ለመሸሸግ ሞከረ፤ ተረከዙ ውኃ ቋጥሮ ፈርጦ ነበር። ሳፋውን ወደ እሱ ሳብኩና ቁጭ ብዬ አጠብኩት።