እማዬን ባሕር ለማስገባት፦ የናክሶስ ጉዞ ማስታወሻ

ደሴት መምረጥ ስጀምር መጀመሪያ ያሰብኩት የእማዬን ጉልበት ነው። እማዬ ሰባ ዓመት አልፏታል። ደረጃ ስትወጣ ከዘራዋን ተደግፋ በየመሐሉ ትቆማለች። ሽንት ቤት ቅርብ መሆኑን ካላየች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ ትውላለች። ሶደሬን ታውቃለች፤ ላንጋኖ ዳር ቆማ እግሯን አርሳለች። ባሕር ግን ገብታ አታውቅም። እኔ ዘንድ ፍራንክፈርት ልትሰነብት ስትመጣ፣ አዲስ አበባ ሳትመለስ ባሕር ላስገባት ለራሴ ቃል ገባሁ።

ግሪክ ልንሄድ ነው ስል የሰማ ሁሉ ሳንቶሪኒን ጠራልኝ። ሳንቶሪኒ ውብ ናት። ከተሞቿ ግን ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ መንገዳቸውም ደረጃ ነው። የታወቁት ዳርቻዎቿ ከእሳተ ገሞራ የቀረ ጥቁር አሸዋና ጠጠር ስለሆኑ በቀትር እግር ያቃጥላሉ። ቀጥዬ ኮስን አየሁ። ኮስ ከተማዋ ሜዳ ላይ ስለሆነች ለከዘራ ትመቻለች፤ ከማዶ የቱርኳ ቦድሩም ስለምትታይም ብዙ ጎብኚ በጀልባ ተሻግሮ ማታ ይመለሳል። እኛ ግን መሻገር አንችልም። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን ደጋግሞ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ መስጠት ቆሟል፤ ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ረዝሟል። የእማዬ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነው። ከጀርመን ወደ ግሪክ መብረር ሸንገን ውስጥ መንቀሳቀስ ስለሆነ ምንም የለውም። ቦድሩም ሄዳ ቡና ጠጥታ ልመለስ ብትል ግን በሩ ተዘግቶባታል። ወላጁን ከአገር ቤት ያመጣ ሰው ደሴት ሲመርጥ ይህን ልብ ይበል።

በመጨረሻ ናክሶስ ላይ ወሰንኩ። ናክሶስ ከሳይክላዲስ ደሴቶች ትልቋ ናት፤ ዋና ከተማዋ ኾራ ትባላለች። ከከተማዋ በእግር የሚደረስ አጊዮስ ጌዎርጊዮስ የሚባል ዳርቻ አለ፤ አሸዋው የላመ፣ ውኃው ሩቅ ድረስ ጥልቀት የሌለው ነው። ስሙ የኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ መሆኑን ስነግራት እማዬ፣ «እሱ ካለማ ምን ቀረ፣ እንሄዳለን እንጂ!» አለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ደሴት አላየሁም።

ዳርቻችን ንጹሕ ነው ብሎ ሆቴል ሁሉ ይጽፋል። እኔ የፈለግኩት ግን በላቦራቶሪ የተለካውን ነው። ለዚህ የሚረዳው ሰማያዊ ባንዲራ የሚባለው ምልክት ነው። በ1985 በፈረንሳይ ተጀምሮ በ1987 ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ሰፋ። ዳርቻው ባንዲራውን ለማግኘት 33 መስፈርቶችን ማለፍ አለበት፤ ስለ ውኃው፣ ስለ ጽዳቱ፣ ስለ ደኅንነቱና ስለ አገልግሎቱ የሚጠይቁ ናቸው። ውኃው በአውሮፓ ኅብረት መለኪያ ከፍተኛውን ደረጃ ማግኘት አለበት፤ ይኸውም በ100 ሚሊ ሊትር ባሕር ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ከ250፣ ኢንትሮኮከስ የተባለው ደግሞ ከ100 እንዳይበልጥ ነው። ሁለቱም ከሰውና ከእንስሳ አንጀት የሚወጡ ስለሆኑ፣ ቁጥራቸው ሲጨምር ፍሳሽ ወደ ባሕሩ እየገባ ነው ማለት ነው። ውኃ በዓይን ጠርቶ ይህን ሊሸሽግ ስለሚችል ነው በፎቶ ያልተማመንኩት። በመዋኛው ወቅት ናሙና ቢያንስ በየ31 ቀኑ ይወሰዳል፤ ውጤቱም ዳርቻው ላይ በቆመ ሰሌዳ ይለጠፋል። ግሪክ በዚህ ባንዲራ ብዛት ከስፔን ቀጥላ የምትጠራ አገር ናት፤ ከ600 በላይ ዳርቻዎቿ ያገኙት ዓመት ብዙ ነው። ባንዲራው የሚያገለግለው ግን ለአንድ ወቅት ብቻ ነው። አምና የነበረው ዘንድሮ ላይኖር ይችላል፤ ስለዚህ የሚታየው የዚያው ዓመት ዝርዝር ነው።

ለእኔ ከውኃው እኩል የከበደው የአገልግሎቱ ነገር ነበር። ባንዲራ ያለው ዳርቻ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ የመጀመሪያ ርዳታ መስጫና የሰውን ደኅንነት የሚጠብቅ ባለሙያ ወይም የነፍስ አድን መሣሪያ ሊኖረው ግድ ነው። በየማዘጋጃ ቤቱም ቢያንስ አንዱ ባለባንዲራ ዳርቻ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መጸዳጃ ማዘጋጀት አለበት። ግሪኮች በዚህ ረገድ የሠሩትን አንድ ነገር ከልቤ አደንቃለሁ። ሲትራክ ይባላል፤ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ወንበር ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ይቀመጥበትና የማንንም ክንድ ሳይለምን ባሕር ገብቶ ይወጣል። እዚያው ግሪክ የተፈለሰፈ ነው፤ አሁን በአገሪቱ ከ200 በላይ ዳርቻዎች ላይ አለ፣ የት የት እንዳለም በኢንተርኔት ካርታ ላይ ይታያል። እማዬ በእግሯ ስለምትራመድ አላስፈለጋትም። በወንበር የሚንቀሳቀስ ወላጅ ያለው ግን ደሴቱን ከመምረጡ በፊት ያን ካርታ ይክፈት።

ሌላም ያስጨነቀኝ ነገር ነበር። አገልግሎት ያለበት ዳርቻ ሁሉ በኪራይ አልጋና ጃንጥላ ተሞልቶ፣ ፎጣውን ይዞ የመጣ ሰው መቀመጫ የሚያጣበት አገር አለ። ግሪክ ውስጥ ባሕር ዳር የሕዝብ ነው። ያም ሆኖ ነጋዴዎች እየተስፋፉ ስለሄዱ በ2023 በጋ የፓሮስ ደሴት ነዋሪዎች ፎጣቸውን ይዘው ሰልፍ ወጡ፤ ተቃውሞውም ወደ ሌሎች ደሴቶች ተዛመተ። በ2024 የወጣው ሕግ ከአንድ ዳርቻ ቢያንስ ግማሹ፣ በተጠበቁ ሥፍራዎች ደግሞ 70 በመቶው ከአልጋ ነፃ እንዲሆን ያዛል፤ አልጋዎቹም ከውኃው 4 ሜትር መራቅ አለባቸው። እኛ ገንዘብ ከፍለን አልጋ ብንከራይም፣ አጠገባችን ዘንቢል ይዘው የመጡ ቤተሰቦች በነፃ ተቀምጠው ማየቴ ደስ ብሎኛል። ባሕር በኪስ ልክ የሚታደል መሆን የለበትም።

ወቅቱን የመረጠችው እማዬ ናት ማለት ይቻላል። ኦገስት ላይ ፍልሰታ አለ፤ ፍልሰታን ሳትጾም፣ ሳታስቀድስ አታሳልፍም። ለግሪኮችም ኦገስት 15 የእመቤታችን በዓል ነው፤ ከናክሶስ ብዙም በማትርቀው ቲኖስ ደሴት ምእመናን ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱን በጉልበታቸው እየዳሁ ይወጣሉ። መርከቦቹ ያኔ ጢም ይላሉ፤ የክፍል ዋጋ ሰማይ ይነካል። በጁላይና በኦገስት ደግሞ መልተሚ የሚሉት ደረቅ የሰሜን ነፋስ የኤጂያንን ባሕር ይንጠዋል፤ ሲበረታ መርከብ እንዳይንቀሳቀስ ይታገዳል። ስለዚህ እንቁጣጣሽን ፍራንክፈርት ውለን ወዲያው ተነሣን። በሴፕቴምበር አጋማሽ ባሕሩ የበጋውን ሙቀት እንደያዘ ነው፤ 24 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ሕዝቡም ቀንሷል። ለነፋሱ ግን መጠባበቂያ ያስፈልጋል፤ እኔ ከደሴቱ በወጣንበት ቀን አውሮፕላን አልያዝኩም፣ አቴንስ ላይ አንድ ሌሊት ትርፍ አስቀመጥኩ።

ከአቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ፒሬዎስ ወደብ ሜትሮው ያለ ቅያሬ ያደርሳል፤ መስመሩ እስከ ወደቡ የተዘረጋው በ2022 ነው። በፈጣኑ ጀልባ ከመሄድ ትልቁን መርከብ መረጥኩ። አምስት ሰዓት ይፈጃል፣ ከዚያም ይበልጣል፤ ፈጣኑ ያን ያህል አይወስድም። ትልቁ ግን አሳንሰር አለው፣ ወጣ ብለው አየር የሚወስዱበት ሰገነት አለው፣ ሞገድ ሲመታው እንደ ትንሹ አያንገላታም። ከአዛውንት ጋር ለሚሄድ አንድ ነገር ልንገር፦ መርከቡ በየደሴቱ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው። የደሴቱ ስም ሲጠራ ሰው ሁሉ መኪኖቹ ወዳሉበት ምድር ቤት ወርዶ ከኋላው በር ፊት ይደረደራል። እኔ ፓሮስን እንዳለፍን ለአንዱ ሠራተኛ ነገርኩት፤ ግፊያው ሳይጀምር በአሳንሰር አወረደን፣ ሻንጣችንንም ተሸከመልን።

ወደቡ አጠገብ በትንሽ ደሴት ላይ ፖርታራ የሚሉት የእብነ በረድ በር ቆሟል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ለአፖሎ ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረ ቤተ መቅደስ ነው። እማዬ ከመርከቡ እየወረደች አየችውና «ቤቱስ?» አለች። አልተሠራም አልኳት። አዘነች፤ በማግሥቱም ደግማ ጠየቀችኝ።

ዳርቻው ላይ የመጀመሪያው ጠዋት ከሁሉ በላይ የተጨነቅኩበት ነው። ከመንገዱ እስከ አሸዋው ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ሽንት ቤቱ የት እንዳለ፣ ሻወሩ መያዣ ይኑረው አይኑረው ቀድሜ ብቻዬን ሄጄ አይቼ ነበር። እማዬ መጀመሪያ ሽንት ቤቱን አየች። ንጹሕ ነው፣ ወረቀትም ሳሙናም አለ። ከዚያ ተመልሳ አንድ ጠርሙስ ውኃ ጭልጥ አድርጋ ጠጣች፤ እኔም ጉዞው እንደሰመረ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ወደ ባሕሩ የጠራት ግን እኔ አይደለሁም። ግሪክ አሮጊቶች ጠዋት ጠዋት ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ውኃው እስከ ደረታቸው ድረስ ገብተው፣ ክብ ሠርተው ቆመው ለረጅም ጊዜ ያወራሉ። አይዋኙም፣ ወሬ ነው። እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ስታያቸው ቆየችና «እነዚህ ከእኔ ያንሳሉ?» አለችኝ። አያንሱም እማዬ፣ አንዷማ ትበልጥሻለች አልኳት። ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች፤ ረጅም ቀሚሷን እንደለበሰች፣ በአንድ እጇ ከዘራዋን በሌላው እኔን ይዛ ገባች። ውኃው ወገቧ ሲደርስ ከዘራው አላስፈለጋትም። የኤጂያን ባሕር በሊትር 38 ግራም ገደማ ጨው ስላለው ሰውነትን አንሥቶ ይይዛል። «ጉልበቴ የት ሄደ?» ብላ ሳቀች። ከሴቶቹ አንዷ በግሪክኛ የሆነ ነገር ብላ እጇን ዘረጋችላት፤ እማዬም በአማርኛ መልሳ ያዘቻት። ከውኃው ለማውጣት ብዙ ለመንኳት።

በሌላ ቀን በአውቶቡስ ወደ አጊዮስ ፕሮኮፒዮስ ሄድን። ከኾራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰዎች የደሴቷ አንደኛ የሚሉት እሱን ነው። የባሕሩ ቀለም እውነትም ልብ ይወስዳል። አሸዋው ግን ሻካራ ነው፣ ወለሉም ቶሎ ይጠልቃል። ለዋናተኛ ደግ ነው፤ እኔ ወድጄዋለሁ፣ እማዬ ግን «ወደ ጊዮርጊስ እንመለስ» አለች። አንዳንድ ቦታ ዳር ላይ ተከምሮ የሚታየው ቡናማ ቅጠልም ቆሻሻ አይደለም። ፖሲዶኒያ የተባለው የሜዲትራንያን የባሕር ሣር ነው፤ የሚበቅለው ውኃው በጠራበት ነው፣ አሸዋውንም ሞገድ እንዳይወስደው ይይዛል።

ሴፕቴምበር 14 ለግሪኮች የመስቀል በዓል ነው። በእኛ መስከረም 17 ስለሚውል እማዬ ደወሉን ስትሰማ ግራ ገባት። ሄድን። በቁርባን ከግሪኮች ጋር አንድ እንዳልሆንን ታውቃለች፤ ከኋላ ቆማ ጸለየች። በመጨረሻ ካህኑ ለሰዉ በሶብላ አደለ። እነሱ ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ያገኘችው በዚህ ተክል ሽታ ተመርታ ነው ይላሉ፤ እኛ በዕጣኑ ጢስ እንላለን። እማዬ ቅጠሉን አሸተተችና «ይሄማ የኛው በሶብላ ነው!» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ያን ቀን ለምሳ የጾም ምግብ አላጣንም። አስተናጋጁን ኒስቲሲሞ ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ የጾም መሆኑን ይረዳል። በወይራ ዘይት የተሠራ ትልልቅ ባቄላ፣ የተቀቀለ ቅጠላ ቅጠል፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ አቀረበልን። ቀንድ አውጣና ኦክቶፐስ ግን ለእነሱ የጾም ምግብ ስለሆነ፣ የማይፈልግ አስቀድሞ ይናገር።

ስንመለስ እማዬ መርከቡ ላይ ሆና አዲስ አበባ ላለችው እኅቷ ደወለች። ስለ ባሕሩ ቀለም አንድም አልነገረቻትም። ሽንት ቤቱ ንጹሕ መሆኑን፣ ሲወጡ የሚታጠቡበት ጨው የሌለው ውኃ መኖሩን፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው እንዳይሰምጥ የሚጠብቅ ልጅ መኖሩን ነበር የዘረዘረችላት። አክስቴ ስልኩን ለእኔ እንድታቀብለኝ ጠየቀች፤ ቪዛ ስንት ቀን ይፈጃል አለችኝ። 45 ቀን አልኳት፤ ለመጪው መስከረም ከሆነ በግንቦት ወረቀቷን እንድትጀምር፣ ፓስፖርቷንም ጊዜው እንዳላለፈ ዛሬውኑ እንድታይ ነገርኳት።