ቀኑን በፈረንጅ አስጽፉ

ጥቅምት 1956 ዓ.ም. ብቻዬን ከለገሃር ተሳፈርኩ። 784 ኪሎ ሜትር በባቡር እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ማርሴይ። 22 ዓመቴ ነበር። ፓስፖርቱም ቪዛውም ትኬቱም በወጉ አለቀ። ጉድ ያደረገኝ ክትባቱ ነው።

ከጥቂት ዓመት በፊት ኦሞ አካባቢ ቢጫ ወባ ብዙ ሰው ፈጅቶ ስለነበር ከኛ አገር የሚሄድ ሰው ቢጫዋን የክትባት ደብተር መያዝ ነበረበት። አዲስ አበባ የወጋኝ ሰውዬ «12/1/56» ብሎ ጻፈልኝ፤ መስከረም 12 ማለቱ ነው። አየሁት፣ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የምበግነው በሱ ሳይሆን በዚያ ዝምታዬ ነው።

ጅቡቲ ወደብ ላይ ሠራተኛው ደብተሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ማድሞዜል፣ ይሄ የጃንዋሪ 1956 ነው። የሚያገለግለው 6 ዓመት፤ ጊዜው አልፏል።» በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛዬ የኛ ዘመን በሰባት ዓመት ወደኋላ እንደሆነ፣ ዓመቱም በመስከረም እንደሚጀምር እያላበኝ አስረዳሁ። «ታዲያ እናንተ ገና 1956 ላይ ናችሁ?» ብሎ ሳቀ፤ ጓደኛውን ጠርቶ ደገመለት፣ እሱም ሳቀ። በንዴት ክንዴን ገልጬ ጠባሳ አሳየሁት። ለካ የፈንጣጣው ነው!

እንደ አዲስ ልወጋ፣ ክትባቱ እስኪጸና 10 ቀን ልጠብቅ ተባለ። መርከቡ የሚነሳው ያን ማታ ነው። ሻንጣዬ ደግሞ «ከቀኑ በፊት አስረክቡ» ስለተባልን ሆዱ ውስጥ ገብቷል። ወደቡ ዳር ቆሜ ሹራቤንና በርበሬዬን ይዞ ሲሄድ አየሁት።

ባቡር ውስጥ የተዋወቅኳቸው እትዬ ቤታቸው ወሰዱኝ። ሌላ መርከብ እስኪመጣ ከሁለት ሳምንት በላይ ሰገነት ላይ እርጥብ ነጠላ ለብሼ አደርኩ። «ልጄ፣ ሰው ቀኑን ሳያስተረጉም ባሕር ይሻገራል?» ይሉኛል በየጠዋቱ ሻይ እየቀዱ።

ባሕሩማ ምን አለው? ሦስት ቀን አስመለሰኝ፣ ተወኝ። ፖርት ሰይድ ስንደርስ የስዊዝን ካናል ያስቆፈረውን የፈረንሳዊውን የደ ሌሴፕስን ሐውልት ባዶ መቆሚያ አሳዩኝ፤ ሐውልቱን በ1956 አፍርሰውታል። በነሱ 1956 ማለቴ ነው።

ወረቀት ላይ ወሩን በፊደል፣ በፈረንጅ ስሙ አስጽፉ፤ ጸሐፊው ቢቆጣም ቆማችሁ አስለውጡ። ሻንጣም ቢሆን የፈለገውን ይበሉ እንጂ ደብተራችሁ ሳይታይ አታስረክቡ።

የኔን ማርሴይ መጋዘን ውስጥ አገኘሁት። የማስቀመጫ ሒሳብ አስከፈሉኝ፤ ሹራቡም ክረምቱን ሙሉ በርበሬ በርበሬ ሸተተ።