በበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ለመሥራት ለምታስቡ የጅማ ልጆች

ቡና ለቀማን የሚያውቅ የጅማ ሰው ይህ ሥራ አይከብደውም፤ ወቅቱ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ውል ከኅዳር ወይም ታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ነው። በረዶው ከዘገየ የሥራ ሰዓት ይቀነሳል፣ በሰዓት የሚከፈለው ሰው ገቢም አብሮ ይወርዳል። ከመፈረማችሁ በፊት በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሰጣችሁ፣ የመኝታ ኪራይም ከደመወዝ ይቆረጥ እንደሆነ ጠይቁ።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚመደበው በሽቦ ገመድ ላይ በተንጠለጠሉ ወንበሮች ሰውን ወደ ተራራው በሚያወጣው የወንበር ሊፍት ላይ ነው። ጠዋት እንግዳ ሳይገባ ሌሊት የወረደው በረዶ ከመሳፈሪያውና ከመውረጃው በአካፋ ይጠረጋል፣ የማቆሚያ ቁልፎቹም ይሞከራሉ። መውረጃው ላይ ጉድጓድ ከቀረ አንዱ ይወድቃል፤ ከኋላ የሚመጡትም እላዩ ላይ ይወርዱበታል። ልጅ በደንብ ሳይቀመጥ ወንበሩ ከተነሳ ወዲያው አቁሙት። ሰልፈኛው ቢያጉረመርም ግድ የለም፣ ከከፍታ የወደቀ ልጅ ግን ክፉኛ ይጎዳል።

ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ አትልበሱ። አካፋ ስትይዙ በላብ ይርሳል፣ ቆማችሁ ስትጠብቁ ያንቀጠቅጣችኋል። ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሻላል፤ ጓንትም ሁለት ጥንድ ያዙ፣ አንዱ ሲረጥብ ሌላው እንዲተካው።

ከፍታውንም አትናቁት። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ናት፤ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ያለው ብሬክንሪጅ የተባለው መዝናኛ ግን ግርጌው ራሱ ከ2,900 ሜትር በላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ውኃ አብዝታችሁ ጠጡ።